ወረፋው አልደርስ አለኝ፣ ለሚስቴ የሰጠኋት ስጦታም ስጦታ አልነበረም

ሰላም እህቴ፣ ዓምድሽን ሁሌ አነባለሁ፣ ግን እኔም አንድ ቀን እፅፍልሻለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። የኔ ጉዳይ ከሌላው ሰው ችግር አንፃር ቅንጦት ነው፣ አንባቢዎችሽም ይስቁብኝ ይሆናል፣ ይሳቁ። እንቅልፍ እየነሳኝ ስለሆነ ነው የፃፍኩልሽ።

አርባ ሰባት አመቴ ነው፣ የራሴ ስራ አለኝ፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። ከወጣትነቴ ጀምሮ አንድ የስፖርት መኪና ልቤ ውስጥ አለ፣ ፎቶዋን ግድግዳዬ ላይ ለጥፌ ነው ያደግኩት። ከሶስት አመት በፊት አቅሜ ሲፈቅድ ዲለሩ ጋ ሄጄ ዲፖዚት ከፍዬ ዌይቲንግ ሊስት ውስጥ ገባሁ። የሴልሱ ልጅ ቢበዛ አንድ አመት ተኩል ነው አለኝ። አመት አለፈና ስጠይቀው «እውነቱን ልንገርህ፣ ከኛ መኪና የገዙ ሰዎች ናቸው የሚቀድሙት፣ አንተ እኛ ጋ ምንም ታሪክ የለህም» አለኝና ሾውሩም ውስጥ የቆመ አንድ ኤስዩቪ አሳየኝ። ቤታችን ሌላ መኪና አያስፈልገውም ነበር። ገዛሁት።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ለባለቤቴ ምን ብዬ እንደማስረዳት ጨነቀኝ፣ ልደቷ ደግሞ ቀርቦ ነበር፣ «ላንቺ ነው» አልኳት። እንባዋ መጣ እኮ። ለእህቶቿ ደወለች፣ ለጓደኞቿ አሳየች። በዛ አመት ስራዋን ለአንድ አመት አቁማ ማስተርሷን ልትጨርስ አስባ ነበር፣ ስንት ጊዜ ያወራንበት ነገር ነው። ከሳምንት በኋላ ራሷ መጥታ «ይሄን ያህል አውጥተህልኝ ደግሞ ትምህርት አልልህም፣ ለሚቀጥለው አመት ይደርሳል» አለችኝ። ዝም አልኩ። ይኸው የሚቀጥለው አመትም የሚቀጥለውም አለፈ።

አሁን ያ የሴልስ ልጅ ስራ ለቋል። አዲሱ ስሜን ኮምፒውተር ላይ ያየዋል፣ ስንተኛ ነኝ ስለው ግን «እንደዛ በቁጥር አይሰራም» ይለኛል። ከኔ በኋላ የተመዘገበ የማውቀው ሰው ባለፈው ወር መኪናውን ተረከበ። ይባስ ብሎ አዲሱ ልጅ «ይቺን ብትወስድ በጣም ይረዳሃል» እያለ አንድ ባለ አራት በር ኤሌክትሪክ መኪና እያሳየኝ ነው። በሌላ በኩል አንድ ነጋዴ ጋ የኔው ሞዴል ያልተነዳ የሚባል አንድ አለ፣ ከፋብሪካው ዋጋ ግን በጣም ጨምሮ ነው የሚሸጠው። ጓደኞቼ ደግሞ «እንደምንም ውሰዳት፣ ካልተመቸህ በማግስቱ አትርፈህ ትሸጣታለህ» ይሉኛል።

ሁለተኛውን መኪና ልግዛ? ከነጋዴው ልውሰድ? ወይስ ዲፖዚቴን ተቀብዬ ልተወው? ለባለቤቴስ ልንገራት? መኪናው እንደሆነ እውነትም እሷው ጋ ነው ያለው፣ በየቀኑ ትነዳዋለች፣ ትወደዋለች። አሁን ብነግራት ከማስከፋት ሌላ ምን ይጠቅማታል?

ተጠባባቂው

—

ወንድሜ ተጠባባቂ፣ (የመኪናዋን ስምና ዲለሩን ከደብዳቤህ ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ቅር አይበልህ) የሚስቅ ይኖራል፣ እኔ ግን አልሳቅኩም። ሶስት አመት ሙሉ ስልክ በጠራ ቁጥር «እነሱ ይሆኑ እንዴ» እያሉ መኖር ምን እንደሚያደርግ ይገባኛል፣ የተጠበቀው ነገር መኪና ሆነ ሌላ ነገር ሆነ የሚያደክመው ያው ነው። ደግሞ ደብዳቤህን ሁለቴ ሳነበው ስለ ዲለሩ የፃፍከው በንዴት ነው፣ ስለ ባለቤትህ የፃፍከው ግን ቀስ ብለህ፣ እየፈራህ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ለየብቻ ላውራህ፣ ከቀላሉ ልጀምር፣ ቀላሉ መኪናው ነው።

መጀመሪያ ይሄ «ሊስት» የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ እንስማማ፣ ምክንያቱም አንተ ባንክ ቤት ገብተህ ቁጥር ቆርጠህ እንደተቀመጥክ ነው የምታስበው፣ እነሱ ደግሞ እንደዛ አያስቡትም። ፋብሪካው ለእያንዳንዱ ዲለር በአመት ይሄን ያህል መኪና ብሎ ይሰጠዋል፣ አሎኬሽን የሚሉት እሱን ነው። ከዛ የደረሰውን ለማን እንደሚሸጥ በአብዛኛው የሚወስነው ዲለሩ ነው፣ እሱ ደግሞ የሚያየው መቼ ተመዘገበ የሚለውን ብቻ አይደለም፣ ማን ብዙ ገዝቷል፣ ማን አሮጌ መኪናውን እኛ ጋ ይመልሳል፣ ማን ሰርቪስ እኛ ጋ ያደርጋል፣ ማን ገዝቶ በወሩ አይሸጥብንም የሚለውን ጭምር ነው። ስለዚህ አዲሱ ልጅ «በቁጥር አይሰራም» ያለህ ምናልባት በሶስት አመት ውስጥ የሰማኸው የመጀመሪያው እውነት ሊሆን ይችላል፣ ያናድዳል አውቃለሁ።

እጥረቱም አንተ ላይ የመጣ ነገር አይደለም፣ አውቀው የሚያደርጉት ነው። የፌራሪ መስራች ኤንዞ ፌራሪ ገበያው ከሚፈልገው አንድ መኪና አሳንሰን ነው መሸጥ ያለብን ይል ነበር ይባላል፣ ኩባንያው እስካሁን በዛው መንገድ ነው የሚሄደው። በ2024 (አመቶቹን ሁሉ የምጠቅስልህ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) ፌራሪ ለአለም በሙሉ ያስረከበው 13,752 መኪና ነው፣ ላምቦርጊኒ 10,687። ላምቦርጊኒ እንደውም አስር ሺን ያለፈው ገና በ2023 ነው፣ ኩባንያው ከተመሰረተ ከ1963 ጀምሮ ቁጠርና እየው። ቁጥራቸው የተወሰነ ሞዴሎች ጋማ ጭራሽ ዲለሩም ስልጣን የለውም። ላፌራሪ የሚባለው የፌራሪ ሞዴል 499 ብቻ ይሰራል ሲባል፣ ኤፍ80 ደግሞ በ2024 ለ799 ሰው ብቻ ነው ሲባል፣ ማን ይግዛ የሚለውን የሚመርጠው ፋብሪካው ራሱ ነው፣ የሚመርጠውም ከድሮ ደንበኞቹ ነው። ገንዘብ ይዘህ ብትሄድ «እናመሰግናለን» ብለው ይሸኙሃል። እኔ በበኩሌ ይሄ «ታሪክ ይኑርህ» የሚባለው አሰራር ደስ ብሎኝ አያውቅም፣ ሰውን የማይፈልገውን እያስገዙ ታማኝነት ነው ማለት ምን ይባላል? ግን አለ፣ አንተና እኔ ስለተናደድን አይቀርም።

እና ያ የመጀመሪያው የሴልስ ልጅ ዋሸህ ወይ ካልከኝ፣ ታሪክ ያለው ይቀድማል ማለቱ ውሸት አይደለም። ጥያቄው ኤስዩቪውን ስትገዛ በምትኩ ምን ቃል ገባልህ የሚለው ነው፣ ቃሉስ የት ነው የተፃፈው? ኢሜይል አለህ? ቴክስት? የፈረምከው ወረቀት ላይ ሞዴሉ፣ አመቱ፣ «ስሎት» (የምርት ተራ) የሚል ነገር ሰፍሯል? ካለ በጣም ጥሩ፣ ያዘው። ከሌለ ግን ውለታው የነበረው ከዲለሩ ጋ ሳይሆን ከልጁ ጋ ነበር ማለት ነው፣ ልጁ ሲሄድ ውለታውም አብሮት ሄዷል። ይሄ መራራ ነው ግን ቶሎ ብትቀበለው ይሻላል፣ ምክንያቱም አሁን አዲሱ ልጅ በዛው መንገድ ሁለተኛ ዙር ሊያስኬድህ ነው።

ሁለተኛውን መኪና እንዳትገዛ ነው የምልህ። ምናልባት ይሄን ከኔ ለመስማት ብቻም ሊሆን ይችላል የፃፍክልኝ፣ ስለዚህ በግልፅ ልበለው። አንድ ጥያቄ ራስህን ጠይቅ፣ ዌይቲንግ ሊስት የሚባል ነገር ባይኖር ይቺን ኤሌክትሪክ መኪና ዞር ብለህ ታያት ነበር? ካላየሃት መኪና እየገዛህ አይደለም፣ ተስፋ ነው እየገዛህ ያለኸው፣ ዋጋው ደግሞ ሾውሩም ውስጥ የተለጠፈው አይደለም። ትላልቅ ውድ ኤሌክትሪክ መኪኖች በመጀመሪያዎቹ አመታት ዋጋቸው ቶሎ ነው የሚወርደው፣ ያንን ኪሳራ የኤስዩቪው ኪሳራ ላይ ደምረውና ለስፖርት መኪናዋ የምትከፍለው እውነተኛ ዋጋ እሱ ነው። ብዙ ሰው በፋብሪካ ዋጋ ገዛሁ ብሎ የሚኮራው ይሄን ሂሳብ ስላልሰራ ነው። የለም እኔ ሂሳቡን ሰርቼ ገብቶኛል፣ አሁንም እፈልጋለሁ ካልክ ደግሞ ገንዘቡ ያንተ ነው፣ ግን አንድም ብር ከመክፈልህ በፊት የትኛው ሞዴል፣ በየትኛው አመት የሚመረት፣ ካልደረሰ ምን ይሆናል የሚለው በማናጀሩ ፊርማ ይፃፍልህ። ልጁ «እኛ እንደዛ አንፅፍም» ካለህ መልስህን አግኝተሃል።

ነጋዴው ጋ ያለችውን በተመለከተ ከሰው ሁሉ ልለይ ነው፣ እብደት ነው አልልህም። ከላይ ያልኩህን ሂሳብ ከሰራህ ሁለት የማትፈልጋቸው መኪኖች ላይ ከምትከስረው ነጋዴው የጨመረው ጭማሪ የሚያንስበት ጊዜ አለ፣ ቢያንስ ይሄኛው ምን ያህል እንደሆነ ታውቀዋለህ፣ መኪናዋም አይንህ ፊት ቆማለች። የምፈራልህ ሌላ ነገር ነው። ጭማሪው እዛው ይቆያል ብለህ እንዳታስብ። ፖርሽ በ2016 ዘጠኝ መቶ አስራ አንድ አር የሚባል ሞዴል አወጣ፣ 991 መኪና ብቻ ነው የተሰራው፣ ማኑዋል ማርሽ ስላለው ሰው አበደ፣ ከፋብሪካ ዋጋው ብዙ እጥፍ ተጠራበት። በ2017 ፋብሪካው ጂቲ3 የሚባለውን ሌላ ሞዴሉን በማኑዋል መልሶ አመጣ፣ ቀጥሎ ጂቲ3 ቱሪንግ የሚባለውን ያለ ትልቁ ክንፍ አወጣ፣ ቁጥሩን ሳይወስን። የዛ የ2016ቱ ሞዴል ዋጋ ወረደ። በውድ የገዙት ሰዎች ያጡት መኪናው ተበላሽቶ አይደለም፣ ፋብሪካው ሀሳቡን ስለቀየረ ብቻ ነው። ወደ ኋላ ብትሄድም ያው ነው፣ ፌራሪ ኤፍ40ን በ1987 ሲያወጣ ወደ አራት መቶ ነው የምንሰራው ተብሎ ነበር፣ መጨረሻ ላይ ከ1,300 በላይ ተሰራ፣ በመሀል ሰው ወረፋውን ራሱ እንደ አክሲዮን ይሸጠው ነበር፣ በ1990 አካባቢ ገበያው ሲወድቅ ብዙ ሰው በመጨረሻው ዋጋ ገዝቶ ቀረ። ስለዚህ ከነጋዴው የምትገዛ ከሆነ ጭማሪውን እንደጠፋ ገንዘብ ቁጠረው፣ ይመለሳል ብለህ እንዳትገዛ። በዛ ዋጋ ለመንዳት ብቻ ትፈልጋታለህ? አዎ ካልክ የሻሲ ቁጥሯን ይዘህ የብራንዱ ሰርቪስ ጋ ታሪኳን አስወጣ፣ ዋስትናው ከየትኛው ቀን ጀምሮ እንደሚቆጠር ጠይቅ፣ ያልተነዳች ብትሆንም በመጀመሪያው ባለቤት ስም ከተመዘገበች ሰዓቱ መቁጠር ጀምሯል። የመጀመሪያው ገዢ ቶሎ አትሸጥም የሚል ውል እንዳለበትም አጣራ፣ የሱ ጣጣ አንተ ላይ እንዳይመጣ።

ጓደኞችህ «በማግስቱ አትርፈህ ትሸጣታለህ» ያሉህን ደግሞ ከጭንቅላትህ አውጣው። ይሄ ወሬ አሮጌ ነው፣ ኩባንያዎቹ ነቅተዋል። ፎርድ በ2017 ጂቲ የሚባለውን የስፖርት መኪናውን ሲሸጥ ገዢዎች ማመልከቻ ሞልተው ነው የተመረጡት፣ ሁለት አመት አልሸጥም ብለውም ፈርመዋል፣ የነፃ ትግል ስፖርተኛውና ተዋናዩ ጆን ሴና ቶሎ ሲሸጠው ፎርድ ከሰሰው፣ በ2018 ነው በስምምነት ያለቀው። ለሚሊየነር ዝነኛ ያልራሩ ለኔና ላንተ ይራራሉ? ጀነራል ሞተርስ ደግሞ በ2022 ኮርቬት ዚ06 የሚባለውን የስፖርት መኪናውን አመት ሳይሞላው የሸጠ ሰው ዋስትናው ለሚቀጥለው ገዢ አይተላለፍም ብሏል። ፖርሽ ኤስ/ቲ የሚለውን 1,963 ብቻ የተሰራውን በ2023 ሲያወጣ አሜሪካ ያሉ ገዢዎች የመጀመሪያውን አመት በሊዝ ነው የያዙት፣ በስማቸው ያልሆነን መኪና ደግሞ መሸጥ አይቻልም። እና ዲለሩም ያወቀብህ ቀን ስምህ ከሁሉም ሊስት ይሰረዛል፣ ሶስት አመት የጠበቅከው ለዛ ከሆነ ሌላ ነገር ነው፣ ግን አይመስለኝም፣ ደብዳቤህ ላይ ስለ ትርፍ ያወራኸው በጓደኞችህ አፍ ብቻ ነው።

ዲፖዚትህን በተመለከተ አጭር ነው፣ ወረቀቱን ዛሬ ማታ አውጥተህ አንብበው። ይመለሳል ወይስ አይመለስም? እስከመቼ? ገንዘቡ ዲለሩ ጋ ነው ወይስ ፋብሪካው ጋ? ሰው ይሄን የሚያነበው ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው። ጃጓር በ1988 ኤክስጄ220ን ባለ አስራ ሁለት ሲሊንደር ነው ብሎ አሳይቶ ከገዢዎች ሃምሳ ሺህ ፓውንድ ተቀበለ፣ በ1992 መኪናው ሲመጣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሆኖ ዋጋውም ጨምሮ ነበር፣ ኢኮኖሚውም ወርዶ፣ ከውሉ እንውጣ ያሉ ሰዎች ፍርድ ቤት ድረስ ደርሰዋል። ቴስላም በ2017 አዲሱን ሮድስተር አሳይቶ ሃምሳ ሺህ ዶላር ዲፖዚት ሲቀበል በ2020 ይመጣል ብሎ ነበር፣ ያ አመት አልፎ ስንት አመት እንደተጠበቀ አንተው ታውቀዋለህ። ያንተ እንደዛ ነው ማለቴ አይደለም፣ ያንተ መኪና ቢያንስ እየተመረተች ነው። ግን አንድ ሞዴል ማምረቻ ጊዜው ሲያልቅ የዛ ሞዴል ወረፋ በራሱ ወደሚቀጥለው ሞዴል እንደማይዞር እወቅ፣ እንደገና ከዜሮ ሊያስጀምሩህ ይችላሉ፣ ይሄን ማንም ቀድሞ አይነግርህም።

እሺ፣ አሁን ወደ ከባዱ።

«ብነግራት ከማስከፋት ሌላ ምን ይጠቅማታል» ብለሃል። ጥያቄው ቅን ነው፣ ብዙ ሰው በዚህ ጥያቄ ራሱን አሳምኖ አመታት ይኖራል። ግን ያንተው ደብዳቤ ውስጥ መልሱ አለ። መኪናው እሷ ጋ መሆኑ ልክ ነው፣ ትወደዋለች፣ ልክ ነው። የተጎዳችው መኪናው ላይ አይደለም። «ይሄን ያህል አውጥተህልኝ ደግሞ ትምህርት አልልህም» ያለችህ እሷ ናት አይደል? ለሷ የወጣ ገንዘብ መስሏት የራሷን ነገር አስቀረች። ውለታ ያለባት መስሏት እየከፈለች ነው፣ የሌለባትን ውለታ። አንተ ዝም ባልክ ቁጥር እሷ እየከፈለች ነው፣ ሁለት አመት ሆነ። እኔ ይሄን የምልህ ልወቅስህ አይደለም፣ የፃፍከውም ራስህ ስለገባህ ነው፣ ባይገባህ ኖሮ ስለ ማስተርሷ አንድ መስመር አትፅፍልኝም ነበር፣ ጉዳዩ መኪና ብቻ ቢሆን ምን አገባው?

ደግሞ ፍትሃዊ ልሁንልህ። ስትገዛው ሙሉ በሙሉ ውሸት አልነበረም ይሆናል። ልደቷ ነበር፣ ደስ እንዲላት ፈልገህ ነበር፣ እንባዋን ስታይ ደግሞ እውነት መሰለህ፣ ሰው እንደዛ ነው፣ አንድ ነገር የሚያደርግበት ምክንያት አንድ ብቻ አይሆንም። ስትነግራት ይሄንንም ንገራት፣ ግን መጨረሻ ላይ፣ መጀመሪያ ላይ ከሆነ ማስተባበያ ይመስላል። ቅድሚያ «መኪናውን የገዛሁት ሊስቱ ላይ ከፍ እንድል ነው፣ ላንቺ ነው ያልኩሽ ምን እንደምልሽ ስለጠፋኝ ነው፣ ትምህርትሽን በሱ ምክንያት ስታስቀሪ እያወቅኩ ዝም አልኩ» በቃ። ሶስት አረፍተ ነገር። ከዛ አፍህን ያዝ። እሷ ልትስቅም ትችላለች፣ ልትቆጣም፣ ሁለት ቀን ልታኮርፍህም ትችላለች። ምናልባት ጠርጥራም ሊሆን ይችላል፣ ሚስቶች ከምታስቡት በላይ ነው የሚያውቁት፣ ልደት ላይ ኤስዩቪ የሚሰጥ ባል እስከዛ ቀን ድረስ ምን ይሰጥ እንደነበር የምታውቀው እሷ ናት።

አንዳንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። አዲስ መኪና ልትገዛ ፊርማዋን ወይም እሺታዋን በምትፈልግበት ቀን አትንገራት፣ ያኔ እውነቱ ራሱ ሌላ ነገር ለማስገኘት የመጣ ይመስላታል። «ስለዚህ ኤስዩቪውን እንሽጠው» ብለህም አትጀምር፣ ለሷ ሰጥተሃል፣ የሷ ነው፣ ልሽጠው ካለች እሷ ትበል። ሌላው ደግሞ፣ እዛው ተቀምጠህ «ነገ ትምህርት ቤቱን እከፍላለሁ» ብለህ ነገሩን ቶሎ ልትዘጋው ይዳዳሃል፣ ገንዘብ ያለው ሰው ችግር ሲገጥመው መጀመሪያ ኪሱ ነው የሚገባው፣ አትቆጣኝ። የትምህርቱ ነገር ይነሳ፣ መነሳትም አለበት፣ ግን እንደ ካሳ ሳይሆን እንደ ጥያቄ። አሁንም ትፈልገዋለሽ? የትኛው አመት ይመችሻል? ልጆቹን ማን ያመላልሳል? ምናልባት በሁለት አመት ውስጥ ፍላጎቷ ተለውጦ ይሆናል፣ ምናልባትም በየወሩ መጀመሪያ የመመዝገቢያ ቀኑን ዝም ብላ እያየች ታልፈው ይሆናል፣ አታውቅም፣ እኔም አላውቅም፣ እሷን ካልጠየቅካት።

እና አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ መልሱን ለኔ አትፃፍልኝ፣ ለራስህ ያዘው። ባለፉት ጥቂት ወራት ስለዚች መኪና ስታስብ ምንድነው ፊትህ የሚመጣው፣ መሪውን ይዘህ ስትነዳ ነው ወይስ ስልኩ ጠርቶ «ደረሰልዎት» ሲሉህ? ያ ከኋላህ የተመዘገበው ሰው ሲረከብ ያመመህ መኪናዋን ስላገኘ ነው ወይስ እነሱ እሱን ስለመረጡት? ደብዳቤህ ውስጥ ስለመንዳት አንድም ቃል የለም፣ ድምጿ፣ ማርሿ፣ የት ይዘሃት ልትሄድ እንዳሰብክ፣ ምንም። ሶስት አመት መጠበቅ ሰውን እንደዛ ያደርገዋል፣ መጠበቁ ራሱ ነገርየውን ይተካዋል። ምናልባት ፍቅሩ አሁንም አለ፣ ብቻ በንዴት ተሸፍኗል። ለማወቅ አንድ ቀላል መንገድ አለ፣ ይቺኑ ሞዴል ወይ ታላቅ እህቷን አከራይ ፈልገህ ለአንድ ቅዳሜና እሁድ ውሰዳት፣ ወይም ብራንዶቹ ራሳቸው የሚያዘጋጁት ትራክ ላይ የመንዳት ቀን አለ፣ ተመዝገብ። ከሁለተኛው መኪና ኪሳራ ጋ ሲነፃፀር ምንም ማለት አይደለም። ከወረድክ በኋላ እጅህ እየተንቀጠቀጠ ፈገግ ካልክ ጠብቅ፣ ወይ ከነጋዴው ግዛ። «ደህና ናት» ብለህ ከወረድክ ደግሞ ዲፖዚትህ ይመለስ። ካለፈው ትውልድ ሁለተኛ እጅ የሆነች በጥሩ የተያዘች መኪናም መንገድ ናት፣ ወረፋ የላትም፣ ትልቁን የዋጋ መውረድ ሌላ ሰው ከፍሎልሃል፣ ብዙ ነጂዎች አሮጌዋን ነው የሚመርጡት፣ እንደውም ፎቶዋ ግድግዳህ ላይ የነበረችው አዲሷ አልነበረችም እኮ።

ቅደም ተከተሉን እንዲህ ብታደርገው ደስ ይለኛል። በዚህ ሳምንት መጀመሪያ ባለቤትህን፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ መኪና ውስጥ ሳይሆን ቤት ውስጥ። ከዛ ጥቂት ቀን ተወው፣ ወዲያው ወደ ዲለሩ እንዳትሮጥ። ከዛ ለሴልሱ ልጅ ሳይሆን ለሾውሩሙ ማናጀር ኢሜይል ፃፍ፣ ንዴት የሌለበት፣ አጭር። መቼ እንደተመዘገብክ፣ ምን እንደገዛህ፣ የድሮው ልጅ ምን እንዳለህ አስቀምጥና ጠይቀው። በዚህ አመት ለዚህ ሞዴል ስንት መኪና ትጠብቃላችሁ፣ የኔ ስም እውነት በዛ ውስጥ ይገባል ወይ፣ ሞዴሉ መመረት የሚያቆመው መቼ ነው፣ ዋጋው ኦርደር ባደረግኩበት ቀን ነው ወይስ በተመረተበት፣ ዲፖዚቴ በምን ያህል ጊዜ ይመለሳል። የጊዜ ገደብ ስጠው፣ ሁለት ሳምንት ይበቃል። በፅሁፍ ከመለሰልህና መልሱ ቀጥተኛ ከሆነ በዛው ደስ ብሎህ ጠብቅ፣ ሌላ ዲለር ጋም ሄደህ መመዝገብ ትችላለህ፣ ብዙ ሰው እንደዛ ነው የሚያደርገው፣ አንዳንዴ ትንሽ ከተማ ያለ ዲለር ወረፋው አጭር ይሆናል። ና ቡና እንጠጣና እናውራ ብሎ ብቻ ከመለሰልህ ግን ሂድና ቡናውን ጠጣ፣ ስትወጣ የዲፖዚት መመለሻ ፎርሙን ይዘህ ውጣ። የዚህ አይነት የ«ይሄን ግዛ ያን እሰጥሃለሁ» ሽያጭ የተከለከለባቸው አገሮችም ስላሉ፣ በተለይ የተፃፈ ነገር ካለህ፣ አንድ የህግ ሰው ወረቀትህን ቢያየው አይጎዳህም።

ኢሜይሉን ከመላክህ በፊት ለባለቤትህ አስነብባት። መኪና ስለማታውቅ አይደለም፣ እስካሁን በዚህ ጉዳይ ላይ የተፃፈ የተባለ ነገር ሁሉ ከሷ ተደብቆ ስለነበረ ነው። ደግሞ ማን ያውቃል፣ ካንተ የተሻለ ትፅፈው ይሆናል። ማናጀሩ ምን እንደመለሰ ብትረሳ ግድ የለም፣ እሷ ምን እንዳለች ግን ፃፍልኝ።